ከሸዋ በር እስከ ኤረር በር፦ የሐረር ውሃዎችና ዓሦቻቸው

ሐረር በምሥራቅ ኢትዮጵያ ደጋ ጠርዝ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ የተቆረቆረች ጥንታዊት ከተማ ስትሆን፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የታነጸውና ጀጎል የሚባለው ግንቧ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ወደዚህች ከተማ የተጓዙ ሰዎች ስለ መስጊዶቿ፣ አዋች ተብለው ስለሚታወቁት የወልዮች መካናት፣ በምሽት ከእጅ ስለሚጎርሱት ጅቦቿና ስለ ጠባብ ጎዳናዎቿ ብዙ ሲተርኩ፣ ከተማይቱ የምትኖርበትን ውሃ የሚያነሡት በጥቂቱ ነው፤ በውሃው ውስጥ ስለሚኖረው ፍጥረትማ ጨርሶ አያነሡም ማለት ይቻላል። ሐረር የቡናና የጫት፣ የሥጋና የማር አገር እንጂ የዓሣ አገር ተብላ ስለማትታወቅ ይህ የሚያስገርም አይደለም። ይሁን እንጂ ከጀጎል በሮች በሁለቱ፣ ማለትም በሸዋ በርና በኤረር በር፣ ወጥቶ በተቃራኒ አቅጣጫዎች የሚጓዝ ሰው የኢትዮጵያን የወንዝና የሐይቅ ዓሦች የሚያሰጉትን ሁለት ነገሮች፣ የመኖሪያቸውን መጥፋትና ከሌላ ቦታ የመጡ ዝርያዎችን፣ በግማሽ ቀን መንገድ ውስጥ አጠገብ ላጠገብ ያገኛቸዋል።

ሁለቱን ጉዞዎች ለመረዳት አስቀድሞ የመሬቱን አቀማመጥ ማወቅ ያሻል። ከጨርጨር ተነሥቶ ከሐረር በስተሰሜን አድርጎ ወደ ምሥራቅ የሚዘልቀው የተራራ ሰንሰለት የሁለት ታላላቅ ተፋሰሶች ድንበር ነው፤ ተፋሰስ ማለት በላዩ የዘነበው ዝናብ ተጠራቅሞ ወደ አንድ ወንዝ ወይም ሐይቅ የሚወርድበት መሬት ነው። ከሰንሰለቱ በስተሰሜን የሚወርደው ውሃ ወደ ድሬዳዋ ቆላ ወርዶ በአዋሽ ተፋሰስ ሲቆጠር፣ በስተደቡብና በስተምሥራቅ የሚወርደው ደግሞ በራምስ፣ በጎበሌ፣ በኤረርና በዳከታ በኩል ወደ ወቢ ሸበሌ ያመራል፤ ወቢ ሸበሌም ከአርሲና ከባሌ ደጋ ያመጣውን ውሃ ይዞ ሶማሊያ ከዘለቀ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከሕንድ ውቅያኖስ ሳይደርስ በረግረግና በአሸዋ ውስጥ ይቀራል። ዓሣ ተራራ አይሻገርም። በዚህም ምክንያት ለረጅም ዘመን ተለያይተው የኖሩ ተፋሰሶች የየራሳቸውን የዓሣ ማኅበረሰብ ያፈሩ ሲሆን፣ አንድ ዓሣ አገር በቀል የሚባለው በአገሪቱ የፖለቲካ ድንበር ውስጥ ስለተገኘ ሳይሆን በዚያ ተፋሰስ ያለ ሰው እጅ የኖረ እንደሆነ ብቻ ነው። በዚህ መለኪያ ሲታይ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ተይዞ በኤረር ወንዝ የተለቀቀ ቆረሶ፣ ማለትም በሌላው ዓለም የናይል ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ፣ ካርፕ ከተባለው ከእስያ የመጣ ዓሣ ያላነሰ መጤ ነው፤ በኢትዮጵያ ውስጥ ካሉት ወደ 180 የሚጠጉ የዓሣ ዝርያዎች መካከልም በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙት በርካታ ዝርያዎች እያንዳንዳቸው በአንድ ሐይቅ ወይም በአንድ የወንዝ ሥርዓት የተወሰኑ በመሆናቸው፣ የዓሣው አገር ኢትዮጵያ ሳይሆን ያ ውሃ ነው ቢባል ከእውነቱ አይርቅም።

በሸዋ በር፣ ሐረሪዎች አስመዲን በሪ በሚሉት በር፣ ወጥቶ ወደ ምዕራብ የሚሄደው የአስፋልት መንገድ በሐማሬሳ አልፎ አወዳይ ይደርሳል። አወዳይ ከገበያዎች ሁሉ የተለየ ገበያ ነው፤ ጫት ከየማሳው እየተቆረጠ፣ እየታሰረና እየተጫነ ከዚህ ተነሥቶ ወደ ጅጅጋ፣ ወደ ሶማሌላንድና ወደ ጅቡቲ ስለሚጓዝና ቅጠሉ ሲጠወልግ ዋጋውን ስለሚያጣ፣ በዚህች ከተማ ችኮላ የኑሮ ሥርዓት ሆኗል። ከአወዳይ ጥቂት እንደተጓዙ ደግሞ የሐሮማያ ከተማና ሐይቅ ይመጣሉ። ሐይቁ ከሐረር 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ ቀደም ሲል ዓለማያ ይባል በነበረው በዚህ ሥፍራ አጠገብ በ1940ዎቹ በአሜሪካው የኦክላሆማ የእርሻ ኮሌጅ ድጋፍ የተቋቋመው የእርሻ ኮሌጅ ዛሬ ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። በአዴሌና በፊንቂሌ ስም የሚጠሩ ሌሎች ትንንሽ ሐይቆችም በአካባቢው ነበሩ። ሐሮማያ ጥልቀቱ ትንሽ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚገባበት ወንዝ የሌለው፣ የሚወጣበትም ወንዝ የሌለው ሐይቅ ነው፤ ከዙሪያው ኮረብታዎች በዝናብ ጊዜ የሚወርደውን ጎርፍና ከመሬት ሥር የሚመጣውን ውሃ ይቀበላል፣ ለፀሐይና ለነፋስም መልሶ ይሰጣል። እንዲህ ያለ ሐይቅ ገቢውና ወጪው ለጥቂት ዓመታት ከተዛባ የሚደገፍበት ሌላ ምንጭ የለውም።

የሆነውም ይኸው ነው። ሐይቁ ከ1970ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ እየሸሸ ሄዶ በ1997 ዓ.ም. ገደማ ጨርሶ ደረቀ፤ ለአሥርት ዓመታት ውሃ እየሳበ ለሐረር ሕዝብ ሲያቀርብ የነበረው የፓምፕ ጣቢያም የሚስበው አጥቶ በደረቅ መሬት ላይ ቀረ። የጥፋቱ ምክንያት አንድ አይደለም። በዙሪያው ያሉት ኮረብታዎች ደናቸው ተመንጥሮ በትንንሽ ማሳዎች ስለተከፋፈሉ ጎርፉ አፈሩን ጠርጎ በሐይቁ ውስጥ ደለል አድርጎ አስቀመጠው፤ ደለል ማለት ውሃ ተሸክሞ የሚያመጣውና ሲረጋጋ ወደ ሥር የሚዘቅጠው ደቃቅ አፈር ነው። ሐረር፣ አወዳይና ሐሮማያ ሕዝባቸው እየበዛ ሲሄድ ከአንዱ ሐይቅ ይጠጡ ነበር። ከሁሉም በላይ ግን የናፍጣ ሞተር መጣ። ጫት ድርቅን የሚችል ተክል ቢሆንም በበጋ ውሃ ያገኘ ማሳ ቅጠሉን የሚያወጣው ሌላው ማሳ ባዶ በሆነበትና ዋጋው በናረበት ሰዓት ስለሆነ፣ ሞተርና ቱቦ መግዛት የቻለ ገበሬ ሐይቁን ወደ ማሳው መሳቡ የስስት ምልክት ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ግማሽ ሄክታር በማትሞላ መሬት ብዙ ቤተሰብ ለሚያስተዳድር ሰው ከዚያ የተሻለ ምርጫ ያቀረበለት አልነበረም። ከጫቱ ጋር ድንችና ቀይ ሽንኩርት፣ ጎመንና ካሮትም ከዚያው ውሃ ይጠጡ ነበር። ውሃው በቀነሰ ቁጥር ገበሬው በሐይቁ ጠርዝ፣ ቆይቶም በራሱ በሐይቁ ወለል ላይ ጉድጓድ እየቆፈረ ተከተለው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ትነት የነበረውን ድርሻ መግለጽ ይገባል። የአንድ ሐይቅ ትነት የሚወሰነው በጥልቀቱ ሳይሆን ለፀሐይ በተገለጠው የገጹ ስፋት በመሆኑ፣ በደለል ተሞልቶ ጥልቀቱን ያጣ፣ ስፋቱን ግን ያላጣ ሐይቅ ካለው ውሃ ላይ በየዓመቱ ወደ ሰማይ የሚሰጠው እጅ እየጨመረ ይሄዳል፤ ለዚህም ነው ለአሥርት ዓመታት ቀስ እያለ የቀነሰ ሐይቅ በመጨረሻዎቹ ዓመታት በድንገት የጠፋ የሚመስለው። ለዓሣው ደግሞ መከራው የሚጀምረው ውሃው ከማለቁ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። የቆረሶ ወንዱ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ላይ ወለሉን እየጠረገ ጎድጓዳ ጎጆ ይሠራል፣ እንስቷም እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ዳርቻው በየሳምንቱ ወደ ውስጥ በሚሸሽበት ሐይቅ ውስጥ ይህ ጎጆ ብዙም ሳይቆይ ደረቅ መሬት ይሆናል። ከዚህም በላይ ሙቀቱ የጨመረ፣ ነፋስ ጭቃውን የሚያማስለው ዝቅተኛ ውሃ ሌሊት ኦክስጅኑ ይሟጠጥና ንጋት ላይ ዓሦች በጅምላ ይሞታሉ።

እዚህ ላይ የሐሮማያ ታሪክ ከተለመደው የሐዘን ትረካ ይለያል። ዓሣ አስጋሪዎች ከሐሮማያ ያወጡት የነበረውና ከሐይቁ ጋር የጠፋው ቆረሶ ራሱ በሰው እጅ ወደ ሐይቁ የገባ መጤ ነበር። ስለዚህ ሐይቅ ረጅም ጥናት ያካሄዱት ኢትዮጵያዊው የውሃ ሥነ ምህዳር ተመራማሪ ብሩክ ለማ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ይህ እንግዳ ዓሣ በሐይቁ ውስጥ በሚኖሩ ሁለት ዓይነት ክላዶሴራ መካከል የነበረውን ፉክክር እንዴት እንደለወጠው መርምረዋል፤ ክላዶሴራ ማለት በዓይን ለመታየት የሚያስቸግሩ፣ በውሃ ውስጥ እየተንሳፈፉ አልጌ የሚበሉ የውሃ ቁንጫዎች ናቸው። ጥናቱ ለዓሣ ገበያ የማይጠቅም የጥቃቅን ነገር ምርምር ሊመስል ቢችልም ፍሬ ነገሩ ግን ትልቅ ነው፤ ዓሣ ያለበትና ዓሣ የሌለበት ሐይቅ፣ ወይም አንድ ዓይነት ዓሣ የነበረበትና ሌላ የተጨመረበት ሐይቅ፣ ከሥር እስከ ላይ የተለያዩ ውሃዎች እንደሚሆኑ ያሳያልና። እኚሁ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2003 ሐሮማያን በቢሾፍቱ አቅራቢያ ካለው ከሆራ ኪሎሌ ጋር አነጻጽረው ጽፈዋል። ሐሮማያ ውሃው ተወስዶበት ሲጠፋ፣ ጨዋማ የነበረው ኪሎሌ ደግሞ የሞጆ ወንዝ ውሃ ተመርቶበት ጨውነቱን አጥቷል፤ ለጨዋማ ውሃ የተፈጠረው ሕይወቱም አብሮ ተለውጧል። ሰው ውሃ በመውሰድ ብቻ ሳይሆን ውሃ በመስጠትም አንድን ሐይቅ ሊያጠፋ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

ሐይቅ ላይ ዓሣ መልቀቅ በኢትዮጵያ ረጅም ታሪክ ያለው፣ ሁልጊዜም በበጎ ሐሳብ የተሠራ ሥራ ነው። በወሎ የሚገኘው የሐይቅ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1978 ቆረሶ ከገባበት በኋላ ትላልቆቹ ተንሳፋፊ ደቃቅ እንስሳት ሲመናመኑ፣ እነርሱ ይበሉት የነበረው አልጌ በዝቶ እስከ ጥልቁ ይታይ የነበረው ውሃ ደፈረሰ፤ ቆረሶው ግን ለአካባቢው ሕዝብ እንጀራ ሆነ። ከኬንያ የመጡት ትራውት የሚባሉ የቀዝቃዛ ውሃ ዓሦች በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በባሌ ተራራ ወንዞች የተለቀቁት ለመንጠቆ አስጋሪ መዝናኛ ነው። በዝዋይ ካርፕ ከገባ ወዲህ ዛሬ ከሐይቁ ዋና ምርቶች አንዱ ሆኖ ሲቆጠር፣ በዓለም ላይ በዚያ ሐይቅ ብቻ የሚገኘውና በሳይንስ ስሙ ላቤዮባርበስ ኢትዮፒከስ የተባለው ዓሣ ከመረብ ብርቅ ሆኗል፤ ካርፕ የሐይቁን ወለል እየቆፈረ ስለሚመገብ ውሃውን ያደፈርሳል፣ የዳርቻውን ተክልም ይነቅላል። ይህ ሁሉ ግን በቪክቶሪያ ሐይቅ ከሆነው ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው፤ እዚያ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የተለቀቀው የናይል ፐርች በሌላ ስፍራ የማይገኙ በመቶዎች የሚቆጠሩ የትንንሽ ዓሣ ዝርያዎች ለጠፉበት ጥፋት ዋና ተጠያቂ ነው። በአገር ውስጥ ግን መጤ ዝርያ ብቻውን አገር በቀል ዓሣ ያጠፋል ብሎ መደምደም አይቻልም። በጣና ሐይቅ ከአንድ ዘር ተነሥተው በዚያው ሐይቅ ውስጥ የተለያዩት 15 የሚሆኑ የላቤዮባርበስ ዝርያዎች፣ አስጋሪዎች ነጭ ዓሣ የሚሏቸው፣ ቁጥራቸው ክፉኛ ያሽቆለቆለው ሌላ ዓሣ በልቷቸው ሳይሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በሞተር ጀልባ የሚዘረጋ መረብ እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ መገጭ ወንዞች አፍ በሚሰበሰቡበት ወር ስለሚጠብቃቸው፣ ወንዞቹም ለመስኖ እየተሳቡና አሸዋቸው እየተጫነ በመሄዱ ነው። እምቦጭ የተባለው መጤ አረም እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና የታየው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የውሃው መኖሪያ ሲጎዳ መጤው ይበረታል፤ መጤው ሲበረታ ደግሞ ጉዳቱ ሥር ይሰድዳል።

ሐሮማያ ከ2012 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ውሃው እየተመለሰለት ነው። በተከታታይ የዘነበው ብርቱ ዝናብ ትልቁን ድርሻ ቢይዝም፣ በዙሪያው ኮረብታዎች ላይ የተሠራው እርከንና የተፋሰስ ልማትም የራሱ ድርሻ አለው፤ መንገደኛውም ቀድሞ ከብት ይሰማራበት በነበረው ሜዳ ላይ ውሃ ሲያብረቀርቅ ያያል። ከዚህ በኋላ የሚነሣው ጥያቄ ምን ዓይነት ዓሣ ይግባበት የሚለው ነው፤ ምክንያቱም ውሃ በተመለሰበት ቦታ ሁሉ ዓሣ እንልቀቅ የሚለው ሐሳብ አብሮ ይመለሳል። በመካከለኛው እስያ የሚገኘው የአራል ባሕር እዚህ ላይ ሊጠቀስ ይገባል። አራል ወንዞቹ ለጥጥ መስኖ በመጠለፋቸው እየደረቀና ጨውነቱ እየበረታ ሲሄድ የሞቱት ዓሦች፣ እ.ኤ.አ. በ2005 በሰሜናዊው ክፍል ግድብ ተሠርቶ ውሃው ሲጨምርና ጨውነቱ ሲቀንስ፣ በሲር ዳሪያ ወንዝ ውስጥ ተጠልለው ከቆዩት ወገኖቻቸው ተነሥተው በራሳቸው ተመለሱ። ሐሮማያ ግን እንዲህ ያለ መጠጊያ ወንዝ የለውም። ወደዚህ ሐይቅ የሚገባ ዓሣ በባልዲ ወይም በፕላስቲክ ከረጢት ካልሆነ በምንም አይገባም፤ ስለዚህም በሐይቁ ውስጥ ወደፊት የሚኖረው ዓሣ ሁሉ የአንድ ሰው ወይም የአንድ መሥሪያ ቤት ውሳኔ ውጤት ይሆናል።

የዚህ ውሳኔ ክብደት የሚታወቀው ግን በሐሮማያ ሳይሆን በሌላኛው በር ወጥቶ ሲኬድ ነው። ሐረሪዎች አርጎብ በሪ፣ ሌሎች ኤረር በር የሚሉት የጀጎል ምሥራቃዊ በር ስያሜውን ያገኘው ከተማይቱ ከምትመለከተው ሸለቆ ሲሆን፣ ወደ ባቢሌና ወደ ጅጅጋ የሚሄደው መንገድ ከሐረር ኮረብታ ተነሥቶ ወደዚህ ሸለቆ ቁልቁል ይወርዳል። የአየሩ ጠባይ በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ይለወጣል፤ የደጋው ጫትና ማሽላ ለግራርና ለቁልቋል ስፍራ ይለቃል። የኤረርና የጎበሌ ሸለቆዎች ወደ ደቡብ ሲወርዱ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመውን የባቢሌ ዝሆኖች መጠለያ አቋርጠው ያልፋሉ። መጠለያው የተቋቋመው ለዝሆን ነው፤ ዝሆኑ ከሚጠጣው ውሃ ውስጥ ስላለው ዓሣ ማን ያስባል? ጎብኚው ባቢሌ የሚመጣው ዝሆን ለማየት ነው፣ በጀቱም የዝሆን በጀት ነው፤ ዝሆን በሰው ጥይትና በአጥር ማጣት እንደሚቸገር ሁሉ ዓሣው በሚጎድል ውሃ የሚቸገር መሆኑ ከቁጥር አይገባም።

በእነዚህ ወንዞች ውስጥ የሚኖሩት ዓሦች ለዓይን የማይሞሉ ናቸው። ከእነርሱ አንዱ ወገን ጋራ በሚል የሳይንስ ስም የሚታወቀው፣ ከጣት ብዙም የማይበልጥ፣ ከታችኛው ከንፈሩ በስተኋላ ባለው ክብ መጥመጫ በዓለት ላይ ተጣብቆ ብርቱ ጅረት የሚቋቋምና ከድንጋይ ላይ አልጌ እየፋቀ የሚበላ ዓሣ ነው። ሌላው የላቤዮባርበስ ወገን ሲሆን፣ ከእርሱም ጋናነንሲስ የተባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው የገናሌ ወንዝ ሶማሊያ ከገባ በኋላ ከሚጠራበት ጋናና ከሚለው ስም ነው፤ ዝርያው ጣሊያናዊው አሳሽ ቪቶሪዮ ቦቴጎ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ከዚያ አካባቢ ያመጣቸውን ናሙናዎች የመረመረው ቪንቺጌራ የተባለ ሳይንቲስት ስም ካወጣላቸው ዓሦች አንዱ ሲሆን፣ በወቢ ሸበሌም ይገኛል። ከዚያ ወዲህ የወቢ ሸበሌን ዓሦች በስፋት የመረመረው የኢትዮ ሩሲያ የጋራ የሥነ ሕይወት ጥናት ቡድን ነው። በሐረር ገበያ ግን እነዚህ ዓሦች ስም የላቸውም፤ በሚዛን አይመዘኑም፣ በምግብ ቤት አይጠበሱም። ይህም ለጥበቃቸው ትልቁ እንቅፋት ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ከስሙ እንደሚታወቀው ዓሣን የሚያየው በምርትነቱ ነውና ምርት ያልሆነ ዓሣ ጠበቃ አያገኝም።

በኤረር ሸለቆ ያለው ስጋት ከሐሮማያው የሚለየው በመጠኑ እንጂ በዓይነቱ አይደለም። ጋራ የሚኖረው በንጹሕ ድንጋይ ላይ ስለሆነ፣ ከተመነጠረው ኮረብታ የሚወርደው ደለል ድንጋዩን ሲያለብሰው ምግቡም መጣበቂያውም በአንድ ጊዜ ይጠፋበታል። በበጋ ጅረቱ ተቆራርጦ ውሃው በየኩሬው ሲወሰን፣ እስከሚቀጥለው ክረምት የዓሣው ዘር የሚተርፈው በእነዚያ ኩሬዎች ውስጥ ብቻ ነው፤ ማሳውን ሊያጠጣ አንድ ሞተር በአንድ ሌሊት የሚያደርቀው ኩሬ የአንድ ወንዝ ርዝመት ሙሉ የዓሣ ዘር ማከማቻ ሊሆን ይችላል። የሐረር ፍሳሽም ወደዚሁ ሸለቆ ይወርዳል። ሐሮማያ ሲደርቅ ከተማይቱ ውሃ የምታገኘው ከድሬዳዋ አጠገብ ካለው ከድሬ ጃራ የጉድጓድ ውሃ ሆነ፤ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ይህ ውሃ በተከታታይ ፓምፖች ተራራውን ወጥቶ ነው ሐረር የሚደርሰው። ከአዋሽ ተፋሰስ ምድር የወጣ ውሃ ሐረር ላይ ተጠጥቶና ታጥቦበት ወደ ወቢ ሸበሌ ተፋሰስ ይፈሳል ማለት ነው፤ ከዓሣ በፊት ውሃው ራሱ ተራራውን ተሻግሯል።

የመሬት ሥር ውሃ ባዶ እንዳልሆነም ማስታወስ ይገባል። ከኢትዮጵያ ድንበር ማዶ፣ በሶማሊያ ዋሻዎችና ጉድጓዶች ውስጥ፣ ዓይንና ቀለም የሌላቸው ዓሦች እንደሚኖሩ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የጣሊያን ተመራማሪዎች መዝግበዋል፤ ዩጊትግላኒስ እና ፍሪያቲክቲስ የተባሉት እነዚህ ዓሦች በጨለማ ውሃ ውስጥ ለመኖር የተስተካከሉ ናቸው። ጉድጓድ ሲቆፈር የሚለካው በሰከንድ የሚወጣው ሊትር ነው፤ ከውሃው ጋር ሌላ ምን እንዳለ የሚጠይቅ ቅጽ ግን የለም ማለት ይቻላል። ይህ ከዋናው መንገድ ጥቂት መውጣት ቢሆንም፣ ስለ ምሥራቁ ዓሦች ሲነገር ዘወትር የሚታየው የላዩ ውሃ ብቻ እንዳይሆን ማስታወሱ አይከፋም።

ለኤረርና ለጎበሌ በጣም የሚያሰጋው ግን በየሸለቆው ለመስኖና ለእንስሳት ማጠጫ የሚሠራው ኩሬና ግድብ ነው። እንዲህ ያለ ውሃ ሲጠራቀም ቆረሶ ይለቀቅበታል፤ በሰበታ የሚገኘው የዓሣና የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል የዓሣ ጫጩቶችን ለተለያዩ የአገሪቱ ኩሬዎችና ግድቦች ሲያሠራጭ መቆየቱም ይታወቃል፤ ምግብ የሚያጥራት አገር ይህን ማድረጓ የሚነቀፍ አይደለም። ችግሩ ኩሬ በክረምት የሚፈስ መሆኑ ነው። አንድ ብርቱ ጎርፍ የኩሬውን ከንፈር ከዘለለ ጫጩቶቹ ወደ ወንዙ ይገባሉ፤ ከዚያ ወዲያ ማንም መልሶ ሊሰበስባቸው አይችልም። በደቡባዊ አፍሪካ ወንዞች የሆነው ይኸው ነው፤ ከዓሣ እርባታ ያመለጠው የናይል ቲላፒያ ከአገሬው የሞዛምቢክ ቲላፒያ ጋር እየተዳቀለ ንጹሑን ዘር እያጠፋው ስለሄደ፣ በዓለም ላይ በብዛት ከሚረቡት ዓሦች አንዱ የነበረው የሞዛምቢክ ቲላፒያ በትውልድ ወንዙ ለአደጋ የተጋለጠ ተብሎ ተመዝግቧል።

ከዚህ ሁሉ የሚከተለው ፍርድ ሁለት ወገን አለው። ሐሮማያ ዝግ ሐይቅ ስለሆነ፣ አስቀድሞም የቆረሶ ሐይቅ ሆኖ ስለኖረና ከአንድ ጊዜ ጥፋት ስለተመለሰ፣ ቆረሶ ቢገባበት በአገር በቀል ዓሣ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ጥቂት ሊሆን ይችላል፤ ለአካባቢው ወጣትም ከጫት ሌላ ሥራ ይሆናል፤ ይህ የሚሠራው ግን ውሃው የሚሳብበት መጠን በሕግ ተወስኖ ከበጋ እስከ በጋ የማይነካ ጥልቀት ከተተወለት ብቻ ነው፣ ያለዚያ ዓሣ መልቀቁ ለሚደርቅ ኩሬ ጫጩት መገበር ይሆናል። ካርፕ ግን በምንም ምክንያት ሊገባበት አይገባም፤ በደለል ለተጎዳ ሐይቅ ደለሉን የሚያማስል ዓሣ መጨመር የበሽታውን ሰበብ መድኃኒት ብሎ መስጠት ነውና። ወደ ኤረር፣ ወደ ጎበሌና ወደ ዳከታ በሚፈስ ኩሬ ወይም ግድብ ውስጥ ግን የሌላ ተፋሰስ ዓሣ መልቀቅ ሊከለከል ይገባል፤ በእነዚያ ውሃዎች ዓሣ ማርባት የሚያስፈልግ ከሆነ ከዚያው ወንዝ የተያዘ አምባዛ ይበቃል።

ይህን ክልከላ ለማስፈጸም አስቀድሞ በየወንዙ ያለው ዓሣ መታወቅ አለበት፤ ለዚህም ትልቅ ግድብ ወይም የውጭ ብድር አያስፈልግም። ወንዞቹ በየኩሬው በሚወሰኑበት በበጋ፣ ከጥርና ከየካቲት ሳይወጡ፣ ትንሽ መረብ፣ የናሙና ማቆያ ብልቃጥና የዓሣ መለያ መጽሐፍ የያዙ የሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከሐረር በታች ያሉትን ቋሚ ኩሬዎች በየዓመቱ ሊመዘግቡ ይችላሉ፤ የባቢሌ መጠለያ ጠባቂዎችም ዝሆን ሲከተሉ የሚያውቋቸው ኩሬዎች የትኞቹ እንደማይደርቁ ከማንም በላይ ይነግሯቸዋል። መዝገቡ የሚጀመረው የሚቀጥለው ግድብ ተሠርቶ ጫጩት ከተለቀቀበት በኋላ ከሆነ ግን፣ በወንዙ ውስጥ የተገኘው ዓሣ የወንዙ ይሁን የግድቡ የሚለይበት መንገድ አይኖርም።